ቡናው ሲቀላ ልጆቻችን ለምን ይከሳሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ እናቶችና ሕፃናት የምግብ እጥረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ደግ ነው። ፎቶግራፉ ግን ያው የተለመደው ነው፤ የተሰነጣጠቀ መሬት፣ የከሳ ከብት፣ አጥንቱ የወጣ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ። እንዲህ ያለ መከራ የለም አልልም። ነገር ግን ይህን ፎቶግራፍ ያየ የጅማ ሰው «እኛን አይመለከትም» ብሎ ጋዜጣውን ያጥፋል። ምን ያድርግ? በደጁ አቮካዶ፣ በጓሮው ጎመንና ጎደሬ፣ ከቤቱ ጀርባ ቡና አለው። ሰማዩም ዝናብ አይነፍገውም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ስለ አረንጓዴው አገር ረሀብ ነው፤ ፎቶግራፍ ስለማይነሳው።

በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች 37 ከመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ቁመታቸው ዕድሜያቸው ከሚጠይቀው በታች ነው ማለት ነው። ከቁመታቸው አንጻር የከሱት ደግሞ 7 ከመቶ ናቸው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ካሜራ የሚያገኘው ሰባቱን ነው። ሠላሳ ሰባቱ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ በጨርቅ ኳስ ይራገጣሉ። የአራት ዓመቱ ልጅ የሁለት ዓመት ተኩል ቢመስል «አባቱም አጭር ነው» ይባልና ይታለፋል። በ1992 ዓ.ም. ቁጥሩ 58 ከመቶ ስለነበር ብዙ መንገድ ተሄዷል፤ ለደከሙት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። በሰቆጣ ቃል ኪዳን ግን መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ጨርሶ እንዲቆም ነው። ቀኑ ሩቅ አይደለም።

ሐኪም አይደለሁም። ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት። በእሱ ዘመን በናፍጣ ሞተር ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በመብራት ነው፤ መብራት ሲኖር። የጤና ባለሙያ ልጁን ይመዝናል፣ እኔ እህሉን እመዝናለሁ። የሰውን ጓዳ ከወፍጮ ቤት በተሻለ የሚያውቅ የለም። ማን ጤፉን በበቆሎ እንደቀላቀለ፣ ማን ከማን ቤት እህል እንደተበደረ፣ የማን ምራት እንደወለደች ከጆንያው ይታወቃል። ቡና በሚሸጥበት ሰሞን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የጤፍ ጆንያ ይደራረብብኛል። ሰኔና ሐምሌ ሲገባ የሚመጣው በቆሎ ነው፤ እሱም ከጎተራ ሥር የተጠረገ። ያኔ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ የማስከፍለው ራሴን ያሳፍረኛል።

ከዚህ ሁሉ እህል መካከል በዓይኔ የምከተለው የሕፃናቱን የገንፎ እህል ነው። እናቶች በትንሽ ፌስታል ወይም በሰፌድ ይዘውት ይመጣሉ፤ ሰልፍ አይይዙም፣ ማንም አይከለክላቸውም። በዚህች ፌስታል ላይ ሁለት ዓይነት ችግር አያለሁ፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው ችግር መሆኑን አያውቅም።

የመጀመሪያው በቆሎ ብቻ ማስፈጨት ነው። ዱቄቱ ቤት ይሄድና በብዙ ውሃ ይበጠበጣል፣ አጥሚት ይሆናል፣ በጡጦ ይገባል። ሕፃኑ ይጠጣል፣ ሆዱ ይሞላል፣ ይተኛል። ቤተሰቡም ጠገበ ይላል። የስድስትና የሰባት ወር ልጅ ሆድ ግን ትንሽ ነው፤ ውሃ ከሞላው ለምግብ የሚተርፍ ቦታ የለውም። ገንፎው ማንኪያ ሲያጋድሉት ዝም ብሎ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ መሆን አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ይህን ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ትክክል ናቸው። እናቶቹ ደግሞ «ወፍራሙን አይውጥልኝም» ይላሉ፤ እነሱም አልዋሹም። ለዚህ መላው ከጓዳችን አይጠፋም፤ ብቅል ነው። ገንፎው ወፍሮ ከበሰለ በኋላ ለብ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ጣል አድርጎ ማማሰልና ጥቂት ደቂቃ መልሶ እሳት ላይ ማድረግ ነው። ውሃ ሳይጨመርበት ይላላል፤ ብቅሉ ስታርቹን ይፈጨዋል። በአንድ ማንኪያ ውስጥ የሚገባው እህል ግን ያው የወፍራሙ ነው። በየቤቱ ለጠላ ብቅል የምናበቅል ሰዎች ለልጅ አንድ እፍኝ ማስቀረት አያቅተንም።

ሁለተኛው ችግር የ«አሥር ዓይነት እህል» ነገር ነው፤ የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ለልጁ ይሻላል የሚለው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ እግር እናት ሰባት ወር ገደማ የሚሆነው ልጇን አዝላ መጣች። ፌስታሉን ስትፈታው የእህል በረንዳ የተከፈተ ነው የሚመስለው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ አኩሪ አተር፣ ከነቅርፊቱ ባቄላ።

«ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱም እንዳይጎድልብኝ ተብያለሁ» አለችኝ።

«እንቁላልስ ታበይዋለሽ?» አልኳት።

«እንቁላሉን ሸጬ አይደል እንዴ እህሉን የገዛሁት!»

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ ግዴለሽም አይደለችም። ከብዙዎቻችን ይልቅ ለልጇ የምትደክም ናት። ማንም ያልነገራት ነገር አለ፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ በምግብ ባለሙያዎች ቆጠራ ሰባት ሳይሆኑ አንድ ምድብ ናቸው። ጥራጥሬው ሁሉ ተደምሮ ሌላ አንድ ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ ከስምንት ምድቦች ቢያንስ አምስቱ በየቀኑ እንዲደርሱት ይመከራል፤ የእናት ጡት ወተት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ የከብት ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ እንደ ካሮት፣ ማንጎና ጥቁር አረንጓዴ ጎመን ያሉ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ ከዚያም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች። አሥራ ሁለቱ እህል ሁለት ብቻ ሆኖ ሲቆጠር የእንቁላሉ መሸጥ ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ ይገባችኋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ በዚህ ዕድሜ ካሉት ልጆች ምግቡን በበቂ ዓይነትም በበቂ ጊዜም ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ዘጠና ሦስቱ ጦማቸውን አድረው አይደለም፤ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ነገር በልተው ነው።

ስለዚህ ለሚሰማኝ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይበቃል። ጥራጥሬው ይነከር፣ ይታመስ፣ ቅርፊቱ ይውጣ፤ ከነቅርፊቱ የተፈጨ ባቄላ የሕፃን ሆድ ይነፋል፣ ከዚያም «ምግብ አልተስማማውም» ተብሎ ወደ አጥሚቱ ይመለሳል። ከእህሉ የተረፈው ገንዘብ እንቁላል ይሁን፣ ማንኪያ ዘይት ይሁን። አቮካዶውማ ገንዘብም አይጠይቅ። ከማና፣ ከሰቃና ከጎማ ወረዳዎች በየጊዜው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አያለሁ፤ እዚያ በብርጭቆ ጭማቂ ይሸጣል። እዚህ በዛፉ ሥር የሚኖረው ልጅ ግን ቀጭን አጥሚት ይጠጣል። በሹካ ተፈጭቶ ለሕፃን የሚሰጥ እንዲህ ያለ ስብ የያዘ ለስላሳ ምግብ ከየት ይገኛል?

ወፍጮ ቤትን የሚመለከት ሌላም ነገር ልናገር፤ ባልደረቦቼ ቢቀየሙም። የወፍጮ ድንጋይ በተወቀረ ዕለት የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አለው። በዚያን ዕለት በመጀመሪያ የሕፃን እህል አይፈጭም፤ ሌላ እህል አስቀድሞ ድንጋዩን ማጥራት ያስፈልጋል። በርበሬ በተፈጨበት ድንጋይም እንደዚሁ። ሻጋታን ግን የእኔ ወፍጮ አያጠራውም። ጅማ እርጥብ አገር ናት፤ በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል። በጎተራ ሥር የተገኘውን አረንጓዴና ቢጫ ያለበትን በቆሎ አጥበውና አስጥተው ይዘውልኝ ይመጣሉ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በማጠብም በማብሰልም አይለቅም፤ ጉበትን የሚጎዳ ነገር ነው። «ይሁን፣ ለከብት እንስጠው» ማለትም አያድንም፤ ላሚቱ በልታው በወተቷ ተመልሶ ቤት ይገባል። በቆሎውን ከማስፈጨት በፊት በፀሐይ ላይ ዘርግቶ የሻገተውን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም ነው፤ ቡና ለሚለቅም እጅ ይህ ምን ያንሰዋል?

ወደ ቡናው ልምጣ። በጅማ ተቀምጦ ስለ ቡና ክፉ መናገር ነውር ነው፤ እኔም ያለ ቡና ሞተር አላስነሳም። ግን እርጉዝ ሴት የጤና ጣቢያ የሰጣትን የአይረን ክኒን በቡና ስትውጥ አይቻለሁ፤ እዚሁ ወፍጮ ቤቴ ደጃፍ። ክኒኑ 60 ሚሊ ግራም አይረንና ፎሊክ አሲድ የያዘ፣ በየቀኑ የሚወሰድ፣ ደም ማነስን የሚከላከል ነው። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡና ከክኒኑ የሚገኘውን አይረን ይዘው ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው። ቡናው ከምግብም ከክኒንም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፤ ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ፓፓያ ቢኖር አይረኑ በደንብ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ብትቀንስ የሚወለደው ልጅ ክብደት እንዳያንስ ይረዳል ብሎ ይመክራል። ጀበናው በቀን ሦስት ጊዜ በሚጣድበት ቤት ይህ ምክር ለእኛ እንደተጻፈ ነው የምቆጥረው። አቦሉ ለነፍሰ ጡሯ፣ በረካው ደግሞ ለሕፃኑ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ሕፃኑ በስኒ ሲጠጣ ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች 57 ከመቶው ደማቸው ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ቡና ብቻ አይደለም። ወባ አለ፤ በባዶ እግር በሚኬድበት እርጥብ መሬት የሚገኘው የመንጠቆ ትል አለ። ለነፍሰ ጡሯም ከሦስተኛ ወር በኋላ የትል መድኃኒት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ስለ ጫት የምለው ብዙ አለኝ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የጓሮውን መሬት ይወስዳል፤ ለዛሬ እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝን ነገር ልናገር። ብዙ ሰው ክፉው ወር ሐምሌ ነው ይላል፤ እህሉ ያለቀበት። ለአዋቂው እውነት ነው። ለጡት ጠቢው ግን ከሐምሌ ያላነሰ ክፉ ጊዜ ኅዳር ነው፤ ቡናው ሲቀላ፣ ቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ። እናቲቱ ጎህ ሲቀድ ቅርጫቷን ይዛ ለለቀማ ትወጣለች። የምትከፈለው በለቀመችው ኪሎ ስለሆነ ለቀማ ያቆመችበት ሰዓት ሁሉ ከገንዘቧ ይቀነሳል። ሕፃኑ ሰባትና ስምንት ዓመት ከሆናት እህቱ ጋር ይቀራል፤ ልጅቷም ከትምህርት ቤት ትቀራለች። በቤት የሚቀረው ምግብ ጠዋት የተበጠበጠ አጥሚት በጡጦ ነው። እስከ ቀትር ይጎመዝዛል፣ ዝንብ ይወርረዋል። ማታ ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ ያለበት ልጅ አይበላም፣ የበላውም አይቆይለትም፤ ያላገኘ ደግሞ ለሚቀጥለው ሕመም ይጋለጣል። ልጁ እንዲህ እያለ ጥር ይደርሳል። እናትየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያልተጠባ ጡት ወተቱ እየቀነሰ ሲሄድ «ወተቴ ደረቀ» ትላለች። አልደረቀም፤ ጡት ወተት የሚያመርተው ሲጠባ ነው።

አንድ ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን፣ የአብሽ ውሃም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን አያስፈልገውም፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ እንገሩም አይደፋ። ይህን እናቶች በቃላቸው ያውቁታል፤ ጠይቋቸው፣ ሳያዛንፉ ይሉላችኋል። ታዲያ በለቀማ ላይ ያለች እናት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ የምታጠባው በየትኛው ጉልበቷ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። መልካም ሕግ ነው፤ ለባንክ ሠራተኛዋ ይሠራል። በቀን ሥራ ለምትለቅመው፣ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ብላሽ ፍሬ ለምትለየው ሴት ግን ወረቀት ነው። ከቡና ጣቢያ ባለቤቶችና ከማኅበራት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በጣቢያው ጥግ ጥላ ያለው፣ ምንጣፍና ንጹሕ ውሃ ያለበት አንድ ክፍል፤ ሕፃናቱን የምትጠብቅ አንዲት ሴት፤ ለሚያጠቡት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከኪሎው የማይታሰብ ዕረፍት። ወጪው ለእነሱ ከአንድ ጆንያ ቡና አይበልጥም። ስለ ጥራት ለውጭ ገዥ ሲነግሩ አፋቸው የማይደክም ሰዎች ይህን ቢያደርጉ ለገዥውም የሚነግሩት ጥሩ ወሬ ይሆንላቸዋል።

ከባለሀብቱም በፊት ግን ጥያቄው ለእኛ ለአባቶች ነው። የቡናው ገንዘብ የሚገባው በማን ኪስ ነው? ጓደኛዬ የሆነ የማና ገበሬ አለ። ባለፈው መኸር ቡናውን ሸጦ ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰ፤ ደስ ብሎኝ መርቄዋለሁ። ሚስቱ ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ዱቄት ልታስፈጭ ስትመጣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ጥቂት ተራምዳ ትቀመጣለች። በኋላ ብቻውን ሳገኘው ነፍሰ ጡር ከወትሮው አንድ ገበታ፣ የምታጠባ ደግሞ ሁለት ገበታ ጨምራ መብላት እንዳለባት ነገርኩት። በኦሮምኛ የመለሰልኝን ልንገራችሁ፤ «ሐኪሞቹ ሁልጊዜ የሚጠሩት እሷን ነው። እኔን ማን ጠርቶኝ ያውቃል?» መልስ አጣሁለት። እውነቱን ነው። የምግብ ሠርቶ ማሳያ ሲዘጋጅ የሚሰበሰቡት ሴቶች ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር አባወራው በማሳ ነው ወይም ከቡና ነጋዴ ጋር ነው። ዶሮ ይታረድ አይታረድ፣ ወተቱ ይሸጥ አይሸጥ፣ ሚስት ለለቀማ ትውጣ አትውጣ የሚወስነው ሰው ምክሩን ሰምቶት አያውቅም። እናቲቱን ስለ እንቁላል መምከር ጥሩ ነው፤ የእንቁላሉን ሽያጭ የሚወስነው ሰው ባልሰማበት ግን የምክሩ ጉልበት ከየት ይመጣል?

ወንዶቹ የት እንደሚገኙ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ማኅበራት የትርፍ ክፍፍል በሚያደርጉበት ቀን ሁሉም ወንድ አለ። በዕድር ስብሰባ አለ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለ። የሃይማኖት አባቶችም ከዚህ ሸክም ትንሽ ያንሱልን። በእስልምናም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ነፍሰ ጡርና አራስ ከጾም የምትፈታበት መንገድ አለ፤ ሴቶቻችን ግን ፈቃዱ እያለ ይጾማሉ፤ ሰው ምን ይለኛል ብለው። በጾም ወራት ደግሞ ሕፃኑም ሳይጾም ይጾማል፤ ዕቃዬ ይረክሳል ብላ እናቱ እንቁላልና ወተት ማብሰሉን ትተወዋለች። አንድ ቄስ ወይም አንድ ሼህ በአደባባይ የሚናገረው አምስት ደቂቃ ከሁሉም ፖስተር ይበልጣል።

ሁለት ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። ይህ ፋብሪካዎቹን ይመለከታል። ከጓሮው በቆሎ አምጥቶ በእንደ እኔ ያለ ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨው ቤተሰብ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ የገጠሩ ሰው አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ለትንንሽ ወፍጮ ቤቶች የሚሆን ነገር ካለ አምጡልን፤ ጨምሩ ያላችሁንን በልክ እንጨምራለን። ሁለተኛው ጨው ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ግዴታ ከሆነ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በገበያው ግን ዛሬም ያልታሸገ ጨው በአፉ በተከፈተ ጆንያ ፀሐይ እየመታው ይቸረቸራል። አዮዲኑ ለፀሐይና ለእርጥበት አይበረክትም። ነፍሰ ጡር አዮዲን ስታጣ የሚጎዳው የሚወለደው ልጅ አእምሮ ነው፤ እንቅርቱ የሚታየው ምልክት ብቻ ነው። እቤትም ጨው ወጡ ከበሰለ በኋላ ይጨመር እንጂ መጀመሪያ ገብቶ አይንተክተክ።

የልጅን ክሳት በቀለም ስለምታሳየው የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብም አንድ ቃል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው፤ በ11.5 እና በ12.5 መካከል ቢጫ፣ ማለትም መካከለኛ ነው። ሁለቱም እግሩ አብጦ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ መለኪያም አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ። የሚሰጠው ፕላምፒ የተባለው የታሸገ የለውዝ ቅባት መድኃኒት ነው፤ ለታመመው ልጅ ተብሎ በልክ የተሰጠ። ከታላላቆቹ ጋር ሲካፈሉት፣ አልፎ አልፎም በገበያ ሲሸጥ አያለሁ። ችግር ነው የሚያስደርጋቸው፤ ቢሆንም ልጁን የሚያስከፍለው ሕይወት ነው።

በጅማ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች በየቀበሌው ወጥተው የሚሠሩበት የቆየ ልማድ አለን፤ ጥሩ ልማድ ነው። እነዚህ ልጆች ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚያገኙት ደግሞ ሴቶችን ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቴ ይምጡ። ወንዱ እህሉን በአህያና በባጃጅ አምጥቶ ተራ ሲጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስለ ቡና ዋጋ ከማውራት ሌላ ሥራ የለውም። ለቀማው ሳይጀመር፣ በመስከረም ውስጥ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል። ሲመጡ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት አጠፋላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ከቆዩ ግን ሰልፈኛው እኔንም እነሱንም ይጮህብናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት
ከጅማ